ስለ ድርቅ ታሪክ በአገራችን፤ የዝናቡ ጠባይ እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣ

በታሪክ ማኅበር ተማሪዎች የተዘጋጀ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦር ሜዳ ብንጽፍ ደስ የሚለው አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ይሁን እንጂ እኛ የታሪክ ማኅበር አባሎች አብዛኞቻችን የወሎ ገበሬ ልጆች ነን፤ በየቤታችንም ከጦርነት ይልቅ ደጋግሞ ሲነሣ የምንሰማው ዝናብ የቀረበት ዓመት ነው። ሽማግሎቻችን ዕድሜያቸውን እንኳ የሚቈጥሩት በዚሁ ነው። አንዱ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ጐልማሳ ነበርሁ» ይላሉ፤ ሌላዋ «በስድሳ አምስቱ ክፉ ዘመን ገና በጀርባ የምታዘል ሕፃን ነበርሁ» ይላሉ። ስለዚህ መጻሕፍትን አገላብጠን፣ ዐዋቂዎችንም ጠይቀን ያገኘነውን ለማቅረብ ተነሣሥተናል። ጥያቄያችን አንድ ነው። ድርቅ በአገራችን ጥንትም ነበረ፤ ዛሬም አለ፤ ታዲያ ተለወጠ የሚባለው ምኑ ነው? ዓመቱን የምንጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር የሆነውን ለይተን እንናገራለን።

አስቀድሞ መለየት የሚገባ ነገር አለ። ድርቅና ረኃብ በአነጋገራችን እንደ መንትያ አብረው ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። ድርቅ ማለት ዝናብ ከጊዜውና ከመጠኑ ሲጐድል፣ መሬትም እርጥበቱን ሲያጣ ነው። ረኃብ ግን ሰው የሚበላው ሲያጣ ነው፤ ይህም ያለ ድርቅ በጦርነት፣ በአንበጣ፣ በከብት በሽታ ወይም በክፉ አስተዳደር ሊመጣ ይችላል። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የመዘገቡልን አብዛኛውን ጊዜ ረኃቡን ነው እንጂ ዝናቡን አይደለም። በአንድ መስመር ታላቅ ረኃብ መሆኑን ያነሡና ወደ ንጉሡ ዘመቻ ያልፋሉ። በየትኛው ወር ዝናቡ እንደ ተቋረጠ፣ የበልጉ ይሁን የክረምቱ አይነግሩንም። እንግዲህ የረኃቡን ዝርዝር ብቻ ይዞ የድርቅን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ሰማዩ ያላደረገውን ሁሉ በሰማይ ላይ ይጽፋል።

ከጽሑፍ የተገኘው ማስረጃ ሩቅ ይሄዳል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ9ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ንጉሥ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለአባ ዮሳብ የላኩት መልእክት በግብፅ ቤተ ክርስቲያን የፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ጳጳሱ አባ ዮሐንስ ከአገር ስለ ተባረሩ ዝናብ እንደ ቀረ፣ ሰውና ከብትም እንዳለቀ ይገልጻል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ብንዘረዝር ገጹ አይበቃንም፤ ስለዚህ ወደ ታላቁ ወደ ክፉ ቀን እናልፋለን።

ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ዘመን ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘመን የድርቅ ዘመን ብቻ አድርጎ ይናገራል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1887 በምፅዋ በኩል፣ ኢጣሊያኖች ከባሕር ማዶ ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ገባ። ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደ ፈጀ የዘመኑ ሰዎች ገምተዋል። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢዘንብለትም አያርስም። በዚያው ላይ ዝናቡ ደግሞ ጐደለ፤ ከዝናቡም መጉደል በኋላ አንበጣ፣ ተምችና አይጥ የተረፈውን በሉ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው መቈፈሪያ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ መሆናቸው ተጽፏል። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ፤ ቈጠራ ባልነበረበት ዘመን ይህን ማረጋገጥ አይቻልም እንጂ እልቂቱ ከፍ ያለ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። በነገራችን ላይ፣ ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጇል። የክፉ ቀን ዋናው ገዳይ ዛሬ የለም ማለት ነው፤ ተባባሪው ድርቅ ግን አለ።

ታዲያ በ1880 ዓ.ም. ዝናቡ በእውነት ጐድሎ እንደ ነበረ፣ መለኪያ ባልነበረበት አገር እንዴት ይታወቃል? እዚህ ላይ ምስክሩ የተገኘው ከአገራችን ውጭ፣ ከካይሮ ነው። ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። የነሐሴው ሙላት ደግሞ ፈጽሞ የክረምታችን ልጅ ነው። የወሎው በሽሎ ሳይቀር ወደ ዓባይ ገብቶ የኛን ጐርፍ ወደ ግብፅ ይወስዳል። ስለዚህ በካይሮ የወንዙ ሙላት ሲያንስ በኛ ተራራ ላይ የክረምቱ ዝናብ አንሷል ማለት ነው። ግብፆችም ግብራቸውን የሚተምኑት በወንዙ ሙላት ልክ ስለ ነበረ ውሃውን በጥንቃቄ ይለኩ ነበር። በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ ያለው የዓባይ መለኪያ ዓምድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ861 የተሠራ ሲሆን፣ የልኩ መዝገብ ከዚያም አስቀድሞ ከ622 ጀምሮ ይነሣል። እንግዲህ የኛ ክረምት መዝገብ፣ ምንም እንኳ መሐል መሐሉ የጐደለ ቢሆን፣ በሌላ አገር ሰዎች እጅ ከሺህ ዓመት በላይ ሲጻፍ ኖሯል። ይህ ለኛ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ሆኖ አግኝተነዋል።

መዝገቡ የሚያሳየውም ክፉ ዘመናት ተሰብስበው የሚመጡ መሆናቸውን ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1065 እስከ 1072 ድረስ በከሊፋው አል ሙስተንሲር ዘመን የዓባይ ሙላት እየደጋገመ ጐድሎ፣ የወታደሮችም ሁከት ተጨምሮበት ግብፅ ለሰባት ዓመታት ያህል ተራበች። ከ1200 እስከ 1202 ደግሞ እንዲሁ ሆነ፤ ያን ጊዜ በካይሮ የነበረው ሐኪም አብድ አል ላጢፍ አል ባግዳዲ ያየውን ዘግናኝ ነገር ሁሉ ጽፎታል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ወንዙን ገድቦ ይሆናል ተብሎ ታምኖ፣ ፓትርያርኩ ወደ ንጉሡ ለልመና እንደ ተላኩ አል መኪን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ተርኳል። የተራበው የካይሮ ሰው ወንዙን የያዘበት ንጉሥ ነው ብሎ ሲያስብ፣ በዚያው ወራት የንጉሡም ሕዝብ ወደ ሰማይ ያንጋጥጥ ኖሯል። የ1880 ዓ.ም. ክረምትም ከዚሁ መዝገብ ይገኛል፤ ያን ዓመት የዓባይ ሙላት ዝቅ ብሎ በግብፅ ብዙ መሬት ውሃ ሳይደርሰው ቀርቷል። የ1905 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበረ።

ከጽሑፍ አልፈን ብንሄድ ደግሞ ምስክሩ የሐይቅ ጭቃ ይሆናል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ከሐይቅ ወለል ጭቃ በቧንቧ እያወጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ ያነቡታል። በዚህ ዐይነት ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ ደርቆ እንደ ነበረ ታውቋል። በአንጻሩ ደግሞ ከ11 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አገሩ ሁሉ ረጥቦ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ሆነው ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። እንግዲህ የአየር ጠባይ መለወጥ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህን ሰምቶ «ድሮም ይለወጥ ነበር፤ አሁን ምን አዲስ አለ» የሚል ሰው አንድ ነገር ይረሳል። የያኔው ለውጥ የምድር ዐንገት አዘነባበል ከፀሐይ አንጻር ቀስ በቀስ ሲለወጥ በሺህ ዓመታት ውስጥ የመጣ ነው። ያሁኑ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሚታይ ነው።

ወደ ዘመናችን ከመግባታችን በፊት ዝናባችን ከየት እንደሚመጣ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚህ የሚከተለው አይገባምና። በአገራችን አንድ ዝናብ የለም፤ ቢያንስ ሦስት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ክረምት፣ የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ ከአትላንቲክ በኰንጎ ጫካ በኩል፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ጭምር እርጥበት እየሳበ የሚያመጣው ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበው በልግ ግን ዋናው ምንጩ የሕንድ ውቅያኖስ ነው። በቦረናና በሶማሌ ቈላ ደግሞ ክረምት የለም፤ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በሩቁ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ፣ የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በልደት ሰሞን ስለሚታይ ሕፃኑን ክርስቶስን አስበው ኤል ኒኞ ያሉት ማለት ነው፣ የኛ የደጋ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ ላ ኒኛ የሚሉት ማለት ነው፣ የደቡብ ቈላ ዝናብ ይጐድላል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ደጋው ጠግቦ ቈላው ሊደርቅ፣ ቈላው ረጥቦ ደጋው ሊራቈት ይችላል። «የኢትዮጵያ ድርቅ» ብሎ በአንድ ቃል መናገር የማያስኬደው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም ሁሉን በኤል ኒኞ ማሳበብ ልማድ ሆኗል እንጂ፣ የ1976 ዓ.ም. ክረምት በቀረበት ጊዜ ኤል ኒኞ አልነበረም።

በአዲስ አበባ ዝናብ መለካት ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ሥራው የተደራጀው ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነው፤ አስቀድሞ የታሰበው ለአውሮፕላኑ ነበር እንጂ ለገበሬው አልነበረም። ራሱን የቻለ የሜቴዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የቆመው በ1973 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ መለኪያዎች የሚታየው የክረምቱ ታሪክ እንዲህ ይመስላል። በ1940ዎቹ ዝናቡ መልካም ነበረ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየቀነሰ ሄደ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሁሉ ዝቅ አለ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን በአብዛኛው ደጋ ተመልሶ አንሰራራ። ይህ መውረድና መውጣት በኛ ብቻ የሆነ አይደለም፤ ከሱዳን እስከ ሴኔጋል ድረስ በሳህል አገሮች ሁሉ ሆኗል። ምክንያቱ የውቅያኖሶቹ ሙቀት መለዋወጥ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚያወጡት ጢስ የሰሜኑን ውቅያኖስ ከፀሐይ ጋርዶ በማቀዝቀዝ ድርሻ እንደ ነበረውም ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ሁለቱ ታላላቅ የወሎ መከራዎች የወደቁት በዚህ ቍልቍለት ላይ ነው። በ1964 ዓ.ም. ክረምቱ ሳስቶ በ1965 በልጉ ቀረ። ነገር ግን የሕንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ነገሩን መርምረው እንዳሳዩት፣ በዚያ ዓመት በጠቅላላው አገር የነበረው እህል ያን ያህል አልጐደለም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እጅግ አልናረም። ገበሬው እህል የሚገዛበት ስላልነበረው፣ በገበያው ላይ እህል እያለ ሰው ሞተ። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። አፋሮቹም በአዋሽ ሸለቆ በድርቅ ጊዜ የሚሸሹበት ግጦሽ ለጥጥና ለሸንኰራ እርሻ ተወስዶባቸው ነበር። መንግሥት ነገሩን ደበቀ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ አሳይተው ገለጡት። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘውዱ ወደቀ። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ በልጉም ክረምቱም ቀረ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 አስጠንቅቆ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጦርነቱ አልቆመም፤ በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከበረ። ጥቅምት 13 ቀን የኰረም ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ የሞተው ሞተ። የሟቾቹን ቍጥር አንዳንዶች ከ400 ሺህ፣ ሌሎችም እስከ አንድ ሚሊዮን ያደርሱታል። ድርቁ የሰማይ ነበረ፤ የሞቱ ብዛት ግን የሰማይ ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1976 ክረምት የዓባይም ውሃ እጅግ አንሶ ነበር፤ ግብፅ ግን ከአስዋን ግድብ ጀርባ ያጠራቀመችውን እየጠጣች አልተራበችም። አንዱ የሰማይ ጉድለት በሁለት አገር ሁለት ዐይነት ታሪክ ሆነ።

እስከዚህ ያነበበ ሰው፣ ክረምቱ ከተመለሰ ታዲያ ምን ተለወጠ ይለን ይሆናል። መልሱ በበልጉ ላይ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ በምሥራቅ አፍሪካ በጠቅላላው እየመነመነ መጥቷል፤ የኛም በልግ ከዚሁ ጋር ነው። የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራቡ የሰላማዊ ውቅያኖስ ውሃ ስለ ሞቀ፣ ዝናቡ ወደዚያው ወደ ባሕሩ እየተሳበ በኛ ላይ የሚወርደው አየር ደረቅ ሆነ ይላሉ። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል የወጣው ጭቃ ተመርምሮ፣ የአፍሪካ ቀንድ በ20ኛው መቶ ዓመት የደረቀበት ፍጥነት ባለፉት 2 ሺህ ዓመታት ውስጥ ያልታየ መሆኑ ተጽፏል።

በልግ ሲባል ለከተማ ሰው ጥቂት ካፊያ ይመስለዋል። ለወሎ ደጋ ገበሬ ግን በብዙ ወረዳ ዋናው አዝመራ ነው፤ ክረምቱ እዚያ ከብርድና ከውርጭ ጋር ስለሚመጣ ገብሱ የሚዘራው በጥር መጨረሻና በየካቲት ነው። ለቈላውም ገበሬ ቢሆን በልግ የማሽላው በር ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ፣ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። የሚያዝያው ዝናብ ከቀረ ክረምቱ የቱንም ያህል ቢጠግብ ያ ማሽላ አይዘራም፤ ገበሬው ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ ወይም ሽምብራ ሊዘራ ይገደዳል። ምርቱ ያንሳል፤ ለከብት የሚሆነው አገዳም አይገኝም። በ1991፣ በ2000 እና በ2007 ዓ.ም. በልግ ሲቀር የሆነው ይኸው ነው። በ2000 ዓ.ም. በወላይታና በአካባቢው ክረምቱ ሲገባ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሕፃናት በረኃብ ይወድቁ ነበር፤ መንገደኛ አልፎ ቢያይ ድርቅ አለ ብሎ አያምንም ነበር። የዓመቱን ዝናብ ደምሮ «አልቀነሰም» የሚል ቍጥር ይህን አያሳይም። ስለዚህ እኛ እንደምናምነው የድርቃችን ታሪክ መጻፍ ያለበት በዓመት ሳይሆን በወር ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ሙቀት ነው። በአገራችን ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አማካይ ሙቀቱ በ1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ይህ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን የሞቀ አየር ከመሬትና ከቅጠል ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ስለሆነም ድሮ ሰብል ያደርስ የነበረው ያው የዝናብ ልክ ዛሬ ላያደርስ ይችላል። ድርቅ ከላይ በሚጐድለው ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ በሚሄደውም ይመጣል ማለት ነው።

ይህን በተግባር ለማየት ሁለት የቅርብ ድርቆችን ማነጻጸር ጥሩ ነው። የ2007 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው ደጋ በኤል ኒኞ ምክንያት ቀረ፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ አስፈለገው። ሆኖም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ ስለ ነበረ፣ እህሉም ቀድሞ ስለ ተገዛ እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልሆነም። የዝናቡን መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት እንዲህ ያለው ድርቅ በ60 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የማይመጣ ብርቅ ነው አሉ፤ ነገር ግን የምድር መሞቅ እንዳባባሰው በግልጽ አላገኙበትም። የደቡቡ ድርቅ ግን ሌላ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሶማልያና በሰሜን ኬንያ የዝናብ ወራት አምስት ጊዜ ተከታትለው ቀሩ። ላ ኒኛ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ይህን ድርቅ የመረመሩ ሊቃውንት ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 እንደ ገለጡት፣ የዝናቡ ማነስና የሙቀቱ መጨመር አንድ ላይ ሲታይ፣ ሰው በድንጋይ ከሰልና በነዳጅ ዘይት ምድርን ባያሞቅ ኖሮ እንዲህ ያለው ድርቅ የመድረሱ ዕድል ቢያንስ መቶ እጅ ያነሰ ነበር። እንዲያውም ዓለሙ ባይሞቅ ያው የዝናብ ጉድለት ድርቅ እስከ መባል አይደርስም ነበር አሉ።

ለቦረና ሰው ይህ በሊቃውንት ቋንቋ የሚነገር ነገር አይደለም። ቦረናዎች ዘመናቸውን የሚቈጥሩት በየስምንት ዓመቱ በሚለዋወጠው በገዳ ነው፤ ድርቁንም በየትኛው አባ ገዳ ጊዜ እንደ ሆነ እየጠሩ ያስታውሳሉ። በዚህ ምክንያት መለኪያ ከመትከሉ በፊት የነበረው የድርቅ ታሪካቸው ከደጋው ይልቅ በቃል ተጠብቋል። ሽማግሎቻቸው ድሮ አንድ ክፉ ድርቅ ካለፈ በኋላ መንጋው እስኪያገግም ድረስ ፋታ ነበረው ይላሉ። ላምና ጊደር ከሞቱ በኋላ መንጋን መልሶ ማራባት ብዙ ዓመት ይፈልጋልና ወሳኙ የድርቁ ክፋት ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ድርቆች መካከል ያለው ፋታ ነው። በ2015ቱ ድርቅ በቱላ ጕድጓዶቻቸው ውሃ ቢኖርም እንኳ ሣር ስላልነበረ ከብቱ በውሃ ዳር ሞተ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ያው የደረቀው አገር በጐርፍ ተጥለቀለቀ።

ወደ ፊትስ? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተቸግረዋል። የአየርን ጠባይ በሒሳብ መኪና የሚያሰሉት፣ ምድር እየሞቀች ስትሄድ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይጨምራል ይላሉ፤ መለኪያው ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ለብዙ ዓመታት ሲቀንስ አሳይቷል። ይህን የማይገጥም ነገር የምሥራቅ አፍሪካ እንቈቅልሽ ብለው ሰይመውታል። የጥቅምቱ ዝናብ መጨመሩ ከስሌቱ ጋር ይስማማል፤ የበልጉ ነገር ግን ገና አልተፈታም። ገበሬው ግን እንቈቅልሹ እስኪፈታ መጠበቅ ስለማይችል በዘሩ ይመልሳል፤ ቶሎ የሚደርሰውን እየዘራ የሚዘገየውን ይተዋል። ከዝናቡ ታሪክ ጐን ለጐን የሚሄድ የዘር ታሪክ አለ የምንለው ስለዚህ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ገደማ፣ ወሎ በተራበበት በዚያው ዓመት፣ በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ9 ሺህ የሚበልጡ የማሽላ ዐይነቶችን መርምረው፣ ለሰው አካል ግንባታ የሚያስፈልገው ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት ያለባቸው ሁለት ብቻ አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። በወሎ «ወተት በጉንጬ» የሚባለው ማሽላ ከዚህ ወገን ነው፤ ገበሬው ከእሸቱ ጣዕም ተነሥቶ ስም ያወጣለት ሊቃውንቱ ሳያውቁት ነው። በ1977ቱ ድርቅ ብዙ ገበሬ ዘሩን በላ፤ መብላቱም የሚነቀፍ አይደለም። በአዲስ አበባ የነበረው የዕፀዋት ዘር ማእከል ግን፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ ከየወረዳው ዘር ሰብስቦ በቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጦ ነበር። ከድርቁ በኋላም በወሎና በሰሜን ሸዋ የማሽላውንና የስንዴውን አሮጌ ዘር ለገበሬው እየመለሱ በየማሳው እንዲራባ አደረጉ። ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው በ1982 ዓ.ም. በስቶክሆልም የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ከተመለሱት ዘሮች ረጅም ዕድሜ ያላቸው የማሽላ ዐይነቶች ለመድረስ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ይፈልጋሉ፤ መሬት ውስጥ መግባት ያለባቸውም በሚያዝያ ነው።